ከኪስ የሚከፈል የሕክምና ወጪ ምንድን ነው?

«ለሕክምና ህንድ ይሻላል ወይስ ታይላንድ?» ደሴ ፒያሳ ቡና ይዞ ለተቀመጠ ሰው ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። መልሱም ብዙ ጊዜ የቀዶ ሕክምና ዋጋ ነው። ዋጋ ብቻውን ግን አገርን ከአገር አያወዳድርም። የጤና ኢኮኖሚ ባለሙያዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ ሂሳቡን የሚከፍለው ማን ነው? መቼስ ነው የሚከፍለው?

ከኪስ የሚከፈል ወጪ የሚባለው ታማሚው ወይም ቤተሰቡ ሲታከሙ በቀጥታ የሚያወጡት ገንዘብ ነው። ካርድ፣ ላቦራቶሪ፣ አልጋ፣ መድኃኒት። በግብር ወይም በመድን መዋጮ ቀድሞ የተከፈለው አይገባበትም።

በኢትዮጵያ ከጠቅላላው የጤና ወጪ ሲሶ ገደማው እንዲህ ከየሰው ኪስ ነው የሚወጣው። አሜሪካ ውስጥ አንድ አስረኛ አካባቢ ነው። ታዲያ አሜሪካ ትሻላለች? ቀስ በሉ። አሜሪካ ለጤና የምታወጣው ከአገር ውስጥ ምርቷ 17 በመቶ ገደማ ነው። የዚያን ያህል ገንዘብ አንድ አስረኛውም ብዙ ሰው ዕዳ ውስጥ ይከታል። ይህን ሁሉ አውጥታም፣ በጣም ያነሰ የምታወጣው ጃፓን በአማካይ ዕድሜ በዓመታት ትበልጣታለች። (ዕድሜን የሚወስነው ሐኪም ብቻ እንዳልሆነ ግን አይረሳ፤ አመጋገቡም፣ መኪናውም፣ ጠመንጃውም አለበት።)

ህንድ ከእኛ ሄደው የታከሙ የሚያመሰግኗቸው ሆስፒታሎች አሏት። የራሷ ሕዝብ ግን ከጤና ወጪው ከሲሶ በላዩን ከኪሱ ይከፍላል። ጥሩ ሆስፒታልና ጥሩ ሥርዓት ለየቅል ናቸው። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 መድን ላልነበረው ሕዝቧ 30 ባት (የአገሩ ገንዘብ ነው) ብቻ ከፍሎ የሚታከምበትን አሠራር ዘረጋች። ያኔ ሲሶ ገደማ የነበረው የኪስ ድርሻ ወደ አንድ አስረኛ ወርዷል። ከ30 ባቱ በላይ ያለውን የሕክምና ወጪ የሸፈነው ግብር ነው።

እኛም ጋ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ አንዷ የደሴ ጎረቤት ተሁለደሬ ነበረች። ቤተሰቡ በዓመት መዋጮ ይከፍላል፤ ለድሃ ድሃው መንግሥት ይከፍልለታል። የታሰበው ግን ለገበሬውና በግሉ ለሚሠራው ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ለተቀጠረው ሠራተኛ የታቀደው የማኅበራዊ ጤና መድን፣ አዋጁ በ2002 ዓ.ም. ቢወጣም ሳይጀመር ለዓመታት ተንጠልጥሎ ቆየ።

መድን መያዝ ደግሞ ሁሉን አይጨርስም። ሐኪሙ ያዛል፣ ታማሚው የመድን ደብተሩን ይዞ የጤና ተቋሙ ፋርማሲ መስኮት ይቆማል፣ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይባላል። በዚያች ሰዓት መድን ያለውም የሌለውም አንድ ነው፤ ሁለቱም ቦርሳቸውን ይፈትሻሉ። ለእኔ የአገራችን የኪስ ወጪ ዋናው ጉዳይ እዚህ መስኮት ላይ ነው ያለው። ሪፈር ከተጻፈ ደግሞ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። የአውቶቡሱ፣ የአስታማሚው ማደሪያና ምግብ፣ የቀረው የቀን ሥራ በአብዛኛው በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታል መሣሪያና መድኃኒት ሲዘረፍ፣ ሰዉ ሕክምና ፍለጋ ሌላ ከተማ ለመድረስ ያወጣውን ማን ቆጠረው?

ከሁሉም የሚያሳስተው ግን ምንም ያልከፈለው ሰው ነው። በሬውን መሸጥ ያልፈለገ አባት ልጆቹን «አብሽሩ፣ ይለቀኛል» ብሎ ቤቱ ቢተኛ፣ ከኪሱ የወጣው ዜሮ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች የበዙበት አገር በሠንጠረዥ ላይ ርካሽ መስሎ ይታያል። ለዚህ ነው የጥራት አጥኚዎች ሌላ አኃዝ ከጎኑ የሚያስቀምጡት፦ በጊዜ ቢታከሙ ሊድኑ ይችሉ በነበሩ ሕመሞች፣ ማለትም በትርፍ አንጀት፣ በሳንባ ነቀርሳ፣ በወሊድ፣ ስንት ሰው ሞተ?