በሞተር ኮምፒውተር ላይ ተጨማሪ የሙቀት ሴንሰር መግጠም

የፋብሪካውን የሞተር ኮምፒውተር አውጥቶ ሌላ የገጠመ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ሦስተኛ የሙቀት ሴንሰር ማሰቡ አይቀርም። ሁለቱ ከመጀመሪያውም አሉ፤ አንዱ የሞተሩን ውሃ፣ ሌላው ሞተሩ የሚስበውን አየር ይለካል። ኮምፒውተሩም የቤንዚኑን መጠን ሲያስተካክል እነሱን ያያል። ተጨማሪው ደግሞ የዘይት፣ የካምቢዮ ወይም ቱርቦው ጨምቆ የሚልከውን አየር ሙቀት ለማወቅ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 ቮልስዋገን 1600 ላይ የገባው የቦሽ ዲ-ጄትሮኒክም (ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ ሥርዓት ነው) የሙቀት ሴንሰር ነበረው። በየጋራዡ የሚሠራ ነገር እንዲሆን ካደረጉት ዋነኛው ግን ሜጋስኩርት የሚባለው የሞተር ኮምፒውተር ነው። ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ2001 አካባቢ ያወጡት ሲሆን፣ ገዢው ቦርዱንና ዕቃዎቹን ለየብቻ ወስዶ ራሱ እየበየደ ይገጣጥመው ነበር፤ የእያንዳንዱ ሬዚስተር ሥራም በመመሪያው ተጽፏል። ውድ ኮምፒውተሮች ይህን ሁሉ ዘግተው ነው የሚሸጡት። አርዱዊኖ ሜጋ 2560 በሚባል አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ የሚሠራው ስፒዱዊኖ የሚባል ኮምፒውተርም በኋላ በዚሁ መንገድ መጥቷል።

አሠራሩን እንይ። ሴንሰሩ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ (ከረንትን የሚከለክልበት መጠን፣ በኦም የሚለካ) የሚቀንስ ዕቃ ነው። ሜጋስኩርት እንደ መነሻ የወሰደው የጄኔራል ሞተርስ ሴንሰር በ20 ዲግሪ 3,520 ኦም፣ በ90 ዲግሪ 241፣ በ100 ዲግሪ 177 ኦም አለው። ኮምፒውተሩ ግን ቮልት እንጂ ኦም አያነብም። ስለዚህ 5 ቮልት በ2,490 ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ ሴንሰሩ ይላካል፣ መሃል ላይ ያለው ቮልት ይነበባል። በ20 ዲግሪ 2.93 ቮልት፣ በ90 ዲግሪ 0.44፣ በ100 ዲግሪ 0.33 ይመጣል። ልብ በሉ፣ ከ90 እስከ 100 ያለው ልዩነት 0.11 ቮልት ብቻ ነው! የመጀመሪያው ሜጋስኩርት 5 ቮልቱን ወደ 255 ደረጃ ስለሚከፍል አንዱ ደረጃ እዚህ ቦታ ላይ ሁለት ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው ወደ 1,023 ይከፍላል፣ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ይለያል። ዘይት ደግሞ ከ100 በላይ ስለሚሄድ ለእሱ አነስ ያለ፣ ለምሳሌ 1,000 ኦም ሬዚስተር ይሻላል።

ሽቦው ቀላል ነው። አንዱ የሴንሰሩ እግር ወደ ኮምፒውተሩ ትርፍ (ያልተያዘ) መግቢያ፣ ሌላው ወደ ኮምፒውተሩ የሴንሰር ኔጋቲቭ። ዋናዎቹ መግቢያዎች ሬዚስተራቸው ቦርዱ ውስጥ አለ፣ ትርፉ ግን ብዙ ጊዜ ስለሌለው ራስህ ትጨምርለታለህ። ይህን የረሳ ሰው የሚዋዥቅ ቁጥር እያየ ሴንሰር ሲቀያይር ይውላል (ከራሴ ነው የምናገረው፣ ሁለት ሴንሰር ጥያለሁ)።

ኔጋቲቩን ሻንሲ ላይ ማሰር አይመከርም። የራዲያተሩ ፋን ሲነሳ በሻንሲው ላይ የሚያልፈው ከረንት 50 ሚሊቮልት እንኳ ቢጨምር፣ በ90 ዲግሪ አካባቢ ንባቡ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ይስታል፤ ያውም ከእውነተኛው ቀዝቅዞ ነው የሚታየው። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር በጥርሱ በኩል ሞተሩ ላይ ስለሚያስር ይኸው ችግር አለበት። ለዳሽቦርድ ይበቃል የሚሉ አሉ፣ ለኮምፒውተር ግን እኔ አልገጥመውም። የዳሽቦርዱን ሴንሰር ከኮምፒውተሩ ጋር ማጋራት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፣ ሁለቱም ስለሚመግቡት ሁለቱም ይሳሳታሉ። ሽቦውን ከቦቢናና ከካንዴላ ኬብል አርቁት። ልባስ ያለው ሽቦ የግድ ነው ወይ የሚለው ያከራክራል፤ ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚለዋወጥ ብዙ ጊዜ ያለሱም ይሠራል።

መግቢያው በደንብ ከታሰረ በኋላ ሽቦው ቢቆረጥ ንባቡ 5 ቮልት ሆኖ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ያሳያል። አዲስ አበባ ላይ ያንን ያየ ሰው መጀመሪያ ሶኬቱን ይንካ።

የማይታወቅ ሴንሰር ከሆነ ሦስት ቦታ ይለካል፤ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ 0 ዲግሪ፣ በክፍሉ ሙቀትና በፈላ ውሃ። በቴስተር የተነበበው ኦም ከነዲግሪው ቱነርስቱዲዮ በሚባለው የሞተር ኮምፒውተሩን ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ይገባል። እዚህ ላይ የውጭ መመሪያ ይሸውዳል። ፈላ ማለት 100 ነው ብሎ ነው የሚጽፈው፣ አዲስ አበባ ግን ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ድሬዳዋ ላይ ወደ 96 ይጠጋል። 100 ብሎ ያስገባ ሰው ዘይቱ ሳይግል ግሏል እያለ ይጨነቃል። 92 ብላችሁ አስገቡ።