በፈረቃ መዝራት ምንድን ነው?

በፈረቃ መዝራት ማለት መሬቱን በትንንሽ መደብ ከፍሎ፣ አንድን ሰብል በአንድ ቀን ከመጨረስ ይልቅ በተወሰነ ቀን ልዩነት መደብ በመደብ እያስከተሉ መዝራት ነው። የሚፈለገው ምርቱ በአንድ ሳምንት ተጠራቅሞ እንዳይደርስና በየገበያው ቀን የሚሸጥ ነገር እንዳይጠፋ ነው። ከሰብል ማፈራረቅ ጋር መምታታት የለበትም፤ ማፈራረቅ ከምን በኋላ ምን እንደሚዘራ ይወስናል፣ ፈረቃ ግን መቼ መቼ እንደሚዘራ። አንዱ ያለ ሌላው ብዙ አይራመድም።

ጎንደር ዙሪያ፣ አዘዞ ወይም ማክሰኝት አካባቢ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም አንድ ጥማድ ገደማ መሬትና ትንሽ የመስኖ ውሃ ያለው ገበሬ በብዛት የሚያደርገው የታወቀ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ያለውን መሬት በሙሉ ሽንኩርት ያደርገዋል፤ ጎረቤቱም እንደዚያው። ሁሉም በአንድ ሰሞን ይነቅላል፣ ዋጋውን ነጋዴው ይቆርጠዋል፣ የተገኘው ገንዘብ ዕዳ ይከፍልና ቤቱ እስከሚቀጥለው ምርት በዱቤ ይከርማል። እዚህ ላይ የጎዳው የመሬቱ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ መምጣቱ ነው። ምርት ሳይጨምር የመድረሻ ቀኑን መበተን ብቻውን ብዙ ይለውጣል።

የመደቡ ስሌት

መደብ ሲባል ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር ይሁን። ከዚህ ከሰፋ ከሁለቱም ወገን እጅ መሃሉ ላይ ስለማይደርስ ለማረም መርገጥ ይመጣል፤ የተረገጠ መደብ ደግሞ ውሃ አይጠጣም። በመደቦቹ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር መሄጃ ይተዋል።

የመደቡ ብዛት የሚወጣው እንዲህ ነው፦ ሰብሉ መደብ ላይ የሚቆይበትን ቀን፣ በሁለት ምርት መካከል እንዲኖር በምንፈልገው ቀን እናካፍላለን። ትርፍ ካለው ወደ ላይ እናጠጋዋለን፤ ከዚያ ላይ ለሚዘጋጀው አንድ መደብ እንጨምራለን። ሰላጣ ከችግኝ ጣቢያ ወደ መደቡ ከተዛወረ በኋላ 50 ቀን ገደማ መደብ ላይ ይቆያል። በየ14 ቀኑ መሸጥ ከፈለግን 50 ለ14 ሲካፈል 3.6 ነው፤ 4 ይሆናል፣ ከተጨማሪው ጋር 5 መደብ። ካሮት በደጋማው አየር 105 ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ በየሦስት ሳምንቱ እንዲደርስ 5 መደብና አንድ ተጨማሪ፣ ጠቅላላ 6። በደንብ ከተያዘ አንድ የካሮት መደብ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ይሰጣል፤ በአንድ የቅዳሜ ገበያ ሊያልቅ የሚችል መጠን ነው።

ቆስጣ ከዚህ ስሌት ይወጣል፤ ምክንያቱም ተነቅሎ ሳይሆን ተቀንጥቦ ነው የሚሸጠው። ከተዘራ ከ50 እስከ 60 ቀን የመጀመሪያው ቅጠል ይደርሳል፤ ከዚያ በየ8 እና 10 ቀኑ እየተቀነጠበ ሁለትና ሦስት ወር ይሄዳል። የውጭ የውጭ ቅጠሉ ይወሰዳል፣ መሃል ላይ ከ4 እስከ 5 ለጋ ቅጠል ይተዋል። እምብርቱን በማጭድ የሚያጭድ ሰው በአንድ ቀን ብዙ እስር ያገኛል፣ ነገር ግን ቀጣዩን ሁለት ቅንጠባ አብሮ ሸጦታል። ሦስት መደብ ቆስጣ በሁለት ወር ልዩነት ከተዘራ የሳምንት ገንዘብ አይቋረጥም። አንዱ የቆስጣ ፍሬ ሁለትና ሦስት ችግኝ ስለሚያወጣ ማሳሳት ግድ ነው፤ ካልሳሳ ቅጠሉ ጠባብና ቀጭን ሆኖ ይቀራል።

500 ካሬ ሜትር ላይ መሄጃውና ቦዩ ተቀንሶ 25 ያህል መደብ ይወጣል። ለካሮት 6፣ ለሰላጣ 5፣ ለቆስጣ 3፣ ለችግኝ ጣቢያ 2፣ የቀረው 9 ለሽንኩርትና ለነጭ ሽንኩርት። ቅጠሉ የሳምንት፣ ካሮቱ የወር ገደማ፣ ሽንኩርቱ ደግሞ የበዓል ገንዘብ ነው። ከዚህ በላይ የሰብል ዓይነት ማብዛት አይመከርም፤ ስምንት ዓይነት ሰብል የያዘ ሰው የስምንቱንም የዘር ቀን ሲያስታውስ ሥራውን ይረሳዋል። ከሩብ ሄክታሩ የሚተርፈው መሬት ለጤፍና ለሽምብራ ይቆይ።

ስፋቱን የሚወስነው ውሃው ነው

ለምን ሩብ ሄክታሩን በሙሉ አናደርገውም? በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ አትክልት በቀን ለአንድ ካሬ ሜትር 5 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። 500 ካሬ ሜትር ሲሆን 2,500 ሊትር፣ ማለትም ባለ20 ሊትር 125 ጀሪካን ነው። ከጉድጓድ በገመድ ለሚቀዳ ቤተሰብ ይህ የማይታሰብ ነው፤ በሞተር ፓምፕም ቢሆን ጉድጓዱ ካልመለሰ ዋጋ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለካው ጉድጓዱ ነው። ልኬቱም በጥቅምት ሳይሆን ውሃ በሚሸሽበት በሚያዝያ ይሁን፤ ውሃውን ቀድቶ ጨርሶ ጉድጓዱ በ24 ሰዓት ስንት ሊትር እንደመለሰ ማየት። 1,500 ሊትር ከመለሰ የፈረቃው መሬት 300 ካሬ ሜትር ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። 500ው ውሃ ተሻምቶ ከሚደርቅ 300ው በደንብ ቢጠጣ ይሻላል።

ወንዝ የሚጠቀሙም አሉ። ከተማውን አቋርጦ በሚወጣ የወንዝ ውሃ ግን ሰላጣን የመሰለ በጥሬው የሚበላ ነገር ማጠጣት አይገባም፤ እዚያ ላይ ተቀቅሎ የሚበላው ይሻላል፣ ድንች ወይም ሽንኩርት።

ከገበያው ቀን ወደ ኋላ መቁጠር

ጎንደር ላይ የአትክልት ዋጋ ከዝናቡ እኩል የሚከተለው ጾምና በዓልን ነው። የቆስጣ፣ የጎመን፣ የካሮትና የድንች ፈላጊ የሚበዛው ረቡዕና ዓርብ፣ በነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናትና በፍልሰታ ነው። ሽንኩርት ደግሞ ለዶሮ ወጥ ስለሆነ እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ላይ ይፈለጋል፤ ለጥምቀት ጎንደር የሚገባውን እንግዳ መቁጠር አያስፈልግም።

የዘር ቀን የሚወጣው ከእነዚህ ቀኖች ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። ሽንኩርት በችግኝ ጣቢያ 50 ቀን፣ ከተዛወረ በኋላ 105 ቀን ገደማ፣ ከተነቀለ በኋላ በጥላ ለመጠውለግ 10 ቀን ይፈልጋል፤ ድምሩ 165 ነው። ፋሲካ በ2018 ሚያዝያ 4 ስለዋለ ለእሱ የሚደርሰው ዘር የሚፈሰው ጥቅምት 19 ገደማ ነበር። በ2019 ግን ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው፤ የዘሩ ቀንም ወደ ኅዳር 9 ይሄዳል። በየዓመቱ በዚያው በለመደው ወር የሚዘራ ሰው የ20 ቀን ልዩነት የሚያመጣው ለውጥ የሚገባው ሽንኩርቱ ካለፈ ወይም ካልደረሰ በኋላ ነው። ካሮትም እንዲሁ፦ የ2019 ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባል፤ ቅዝቃዜው የሚያዘገየውን ጨምረን 110 ቀን ብንይዝ የመጀመሪያው የጾም መደብ ኅዳር 9 ላይ መዘራት አለበት፣ ተከታዩ ኅዳር 30። በአጋጣሚ የሽንኩርቱም የካሮቱም ዘር ኅዳር 9 ላይ ወደቀ፤ የሠራተኛ ቀጠሮ ሲያዝ ይታሰብበት። ባሕረ ሐሳብ የሚያወጣ ካህን ወይም የግድግዳ ካላንደር ከማዳበሪያው እኩል የእርሻ መሣሪያ ነው።

ብዙዎች የማያስቡት አንድ ወቅት አለ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ የቅጠል ፈላጊ በአንድ ጊዜ ይቀንሳል። ውሃውም የሚያንሰው ያኔ ነው። ስለዚህ የቆስጣውና የሰላጣው መደብ ያኔ እንዲያልቅ አድርጎ ማቀድ፣ ባዶውን መደብ ገልብጦ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ማልበስ፤ ለአንድ መደብ 30 ኪሎ በቂ ነው።

የቀን ልዩነቱም ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። በጥቅምትና በኅዳር ብርዱ እየበረታ ስለሚሄድ ኋላ የተዘራው ይዘገያል፤ በ14 ቀን ልዩነት የተዘሩ ሁለት የሰላጣ መደቦች በ20 ቀን ልዩነት ሊደርሱ ይችላሉ። ያኔ በየ10 እና 12 ቀኑ መዝራት ይሻላል። ከጥር ወዲህ ተቃራኒው ነው፤ ኋላ የተዘራው ፊተኛውን ይደርስበታል፣ ልዩነቱ ወደ 16 እና 18 ቀን ይስፋ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሰላጣ ሳይጠቀልል አናቱን ሰዶ ይመርራል፤ እዚያ ላይ መገተር ትርፍ የለውም። ወገራ፣ ዳባትና ደባርቅ ያለ ሰው ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ውርጭን መፍራት አለበት፤ ድንችና ባቄላ በአንድ ሌሊት ይጠቁራሉ፣ ጎመንና ካሮት ግን ይችሉታል።

ክረምት ሌላ ጨዋታ ነው። ዋልካ አፈር ላይ ውሃ ስለሚተኛ መደቡ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ቦዩ ወደታች ክፍት ሆኖ ካልተሠራ ቆስጣም አይበቅልም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቲማቲምና ድንች ቅጠላቸው ጠቁሮ በሳምንት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል፤ በክረምት ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ይሻላሉ፣ እሱም ተዳፋት ላይ።

ችግኝ ጣቢያው ሲበላሽ ሁሉም ይበላሻል

ፈረቃ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ማሳ ላይ ሳይሆን ችግኝ ላይ ነው። ዘር በ10 እና 15 ሳንቲ ሜትር መስመር፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር ባልጠለቀ፣ ሳሳ ተደርጎ ይፈሳል፤ ሣር ይለብሳል፤ እንደበቀለ ሣሩ ይነሳል። ጥቅጥቅ አድርጎ ዘርቶ ማታ ማታ ማጠጣት ችግኙን ከግንዱ ሥር አቅጥኖ ያጋድመዋል። ጠዋት ማጠጣት፣ ሊዛወር አንድ ሳምንት ሲቀረው ውሃውን መቀነስ፣ ማዛወሩን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማድረግ። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ያረጃል፤ ካቻምና የተረፈውን ከመዝራት በፊት 50 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማየት ነው፣ በ10 ቀን ከ35 በታች ከበቀለ መተው።

ካሮት አይዛወርም፤ ከተዛወረ ሥሩ ይቆለመማል። ለአንድ መደብ 6 ግራም ዘር ከደረቅ አሸዋ ጋር ተደባልቆ ይዘራል። እስኪበቅል ከ7 እስከ 14 ቀን ድረስ የላይኛው አፈር አንድ ቀን እንኳ መድረቅ የለበትም። ከበቀለ ከሦስት ሳምንት በኋላ በ5 ሳንቲ ሜትር ይሳሳል። ያልሳሳ ካሮት ቅጠሉ ያማረ፣ ሥሩ የጣት ያህል ይሆናል።

ፈረቃ የሚያመጣው ጣጣ

ይህ አሠራር ጉዳትም አለው። መሬቱ ላይ ሁልጊዜ ጎመን ካለ ክሽክሹም፣ ማለትም ቅጠል የሚመጠው ትንሽ ተባይ፣ ሁልጊዜ ምግብ አለው፤ ከአሮጌው መደብ ወደ አዲሱ ይሻገራል። ስለዚህ አዲሱ መደብ ከአሮጌው ጎን ሳይሆን በሌላው ጫፍ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ይሁን፤ የተቀነጠበው አሮጌ ተክል ተነቅሎ ወዲያው ይውጣ። በየሳምንቱ በሚቀነጠብ ቅጠል ላይ መድኃኒት መርጨትም አስቸጋሪ ነው፦ ከተረጨ በኋላ 14 ቀን ሳይቀነጠብ ይቆይ የሚል መድኃኒት ሁለት ገበያ ያስቀራል። ቀኑን ሳይጠብቁ ቀንጥቦ መሸጥ ደግሞ ሰው ማስመረዝ ነው።

በነጭ ሽንኩርት ላይ የሚመጣው ነጭ ብስባሽ የሚባል በሽታ የባሰ ነው። የታችኛው ቅጠል ይገረጣል፣ ሲነቀል ራሱ ላይ ጥጥ የመሰለ ሻጋታና ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። ነጥቦቹ አፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያሉ፤ የሚያድን መድኃኒት መፈለግ ገንዘብ መጣል ነው። ያ መደብ ቀይም ነጭም ሽንኩርት ከእንግዲህ አይተከልበትም፤ የተቆፈረበት ዶማም ሳይታጠብ ሌላ መደብ አይግባ። ጤነኛ መደብ ላይም ቢሆን ሽንኩርት ከሦስት ዓመት በፊት አይመለስ። ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያም አንድ ዘር ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይከተል፤ ቆስጣና ቀይ ሥርም እንደዚያው።

በጣም የተለመደው ስህተት ግን ከእነዚህ ሁሉ ቀላል ነው፤ አንድ የዘር ቀን መዝለል። ሥራ በዝቶ፣ ለቅሶ ውሎ ወይም ዘር አጥቶ አንድ ፈረቃ ያለፈው ሰው ዛሬ ምንም አይታወቀውም። ቀዳዳው የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ገበያ ላይ ነው። የዘለለውን ከሚቀጥለው ጋር አብሮ በአንድ ቀን መዝራት አያስተካክለውም፤ ሁለቱ መደቦች አንድ ላይ ደርሰው አንዱ ይጠወልጋል። የተዘለለው መደብ ቶሎ በሚደርስ ነገር፣ ለምሳሌ ተቀንጥቦ በሚሸጥ ጎመን ቢተካ ይሻላል። በየመደቡ ራስ ላይ የሰብሉ ስምና የተዘራበት ቀን የተጻፈበት እንጨት መትከል፣ ያንኑ ቀን ደብተር ላይ ማስፈር፤ የተነቀለበትን ቀንና የተሸጠበትን ዋጋም ጭምር። እዚህ የተሰጡት የቀን ቁጥሮች መነሻ ናቸው፤ ቆላድባ ላይ የሚቸኩለው ሰብል አምባ ጊዮርጊስ ላይ ይዘገያል፣ ትክክለኛውን ቁጥር የሚሰጠው ደብተሩ ነው።

ለጀማሪ ከመስከረም አጋማሽ የተሻለ ጊዜ የለም፤ አፈሩ ገና እርጥበት አለው፣ ጉድጓዱም ሙሉ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሰብል ብቻ፣ ቆስጣና ካሮት፣ 10 መደብ ላይ ይበቃል። የቀረውን እንደለመዱት ማረስ።