የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች የአእምሮ ጤናና የምክር ድጋፍ በደሴና በኮምቦልቻ

በደሴና በኮምቦልቻ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች የአእምሮ ጤና ሲነሳ፣ ነገሩ በዋናነት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሁለተኛው ትውልድ ከሚባሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ዋናው ግቢ ጦሳ ተራራ ሥር በተዘረጋችው ብርዳማዋ ደሴ ይገኛል። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ያለው ደግሞ ሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሞቃቷ ኮምቦልቻ ላይ ነው።

ሠራተኛ ሲባል መምህር ብቻ አይደለም። የሌሊት ጥበቃው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለሺህ ተማሪ ወጥ የምትሠራው እናት፣ ፕሮክተሯ፣ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻኑ፣ የሬጅስትራር ጸሐፊዋም ሠራተኞች ናቸው። ስለ ድጋፍ ሲወራ ግን የእነዚህ ስም ብዙ ጊዜ ይረሳል።

መነሻው

በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ዘመን አዲስ አበባ ላይ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ተወስኖ ቆይቷል። የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ሳይካትሪስት፣ ማለትም የአእምሮ ሐኪም፣ በአገር ውስጥ ማሠልጠን ደግሞ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። ለደሴ ሰው አማኑኤል ማለት የ400 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ታማሚውን ይዞ የሚሄደው ዘመድ፣ የአልጋና የምግብ ወጪም ይጨመርበት።

ዛሬ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል አለው። የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍልም አለው። ባለሙያው እዚሁ ተምሮ፣ እዚሁ ደሴ ሆስፒታል ተለማምዶ ይወጣል። የአካባቢው ልጅ በአካባቢው ቋንቋና ወግ በሽተኛውን ሲያነጋግር ማየት ለወሎ ትልቅ ነገር ነው። በአንድ ትውልድ ዕድሜ የመጣ ለውጥ ነው፤ ተገቢው ክብር አልተሰጠውም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣውና በ2011 በሌላ አዋጅ የተተካው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ተቋማት ለተማሪዎቻቸው የምክር አገልግሎት እንዲሰጡ ያዝ ነበር። ስለዚህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የምክር ቢሮ የሚታሰበው ለተማሪ ተብሎ ነው፤ ቦታውም ተማሪዎች ዲን አካባቢ ነው። መምህሩ በዚያ በር መግባት ይከብደዋል። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ተራ የሚጠብቀው ትናንት ኤፍ የሰጠው ልጅ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛው የራሱ በር ያስፈልገዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ይህ ነው።

የኮሮና ዓመት፣ 2012፣ ግቢዎችን ዘግቶ አለፈ።

2014 ዓ.ም.

ከሁሉም ከባዱ 2014 ነው። ከ2013 ክረምት ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ከራያ፣ ከቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለ ሕዝብ ደሴን ሞላው። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። ደሞዝተኛው በጠባብ የኪራይ ቤቱ ዘመድ አስጠግቶ፣ ጠዋት ሥራ ይገባ ነበር። ጥቅምት 20 ገደማ የሕወሓት ኃይሎች ደሴ ገቡ፤ ኮምቦልቻም ወዲያው ተከተለች። መንግሥት በወቅቱ አስተባብሎ ስለነበር ደሴ በትክክል መቼ ተያዘች በሚለው ላይ ዛሬም የተለያየ ነገር ይነገራል። ኅዳር 27 ሁለቱም ከተሞች ነጻ መውጣታቸውን መንግሥት አስታወቀ።

በእነዚያ አምስት ሳምንታት ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፤ ብዙ ንብረትም ወደመ። ደሴ ሆስፒታልም አልተረፈም። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይወራ ነገር አለ። የድባቴ ወይም የሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሆስፒታሉና ፋርማሲው ሲዘጉበት መድኃኒቱን በድንገት ያቋርጣል። ሕመሙ የሚያገረሽበት ደግሞ ምግብና እንቅልፍ በጠፋበት በዚያው ሰሞን ነው።

የሸሸው በእግሩም በመኪናም ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ሄደ። ልጅ፣ አሮጊት እናት ወይም የታመመ ሰው ያለበት ቀረ። ሲመለሱ በሩ ተገንጥሏል፤ መሳቢያው ተገልብጧል፤ የፈተና ወረቀት መሬት ላይ ተበትኖ ተረግጧል። ኮምፒውተሩ የለም። ለተመራማሪ ኮምፒውተር ማለት ዕቃ ብቻ አይደለም። የዶክትሬት መረጃው፣ ያልታተመ ጽሑፉ፣ ከገጠር ቀበሌ ቤት ለቤት ዞሮ የሰበሰበው መጠይቅ እዚያ ውስጥ ነበር። ግድግዳ በወራት ይጠገናል። እንዲህ ያለው ኪሳራ በየትኛውም የንብረት መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

የሸሸውም የቀረውም የየራሱ ሸክም አለው። የሸሸው «ጥዬ ሄድኩ» ይላል። የቀረው ያየውን ለማንም አይናገርም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞታል። እንቅልፍ አይወስደውም። በር ድንገት ሲጋጭ ይበረግጋል። ክፍል ገብቶ ሲያስተምር መሐል ላይ ሐሳቡ ይጠፋበታል። ወዲያው የሚታየው እንዲህ ያለው ምላሽ በሽታ አይባልም፤ በብዙው ሰው ላይ በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ከወር በላይ ከቆየና ሥራና ኑሮ ካወከ ግን ባለሙያ ሊያየው ይገባል። የዩኒቨርሲቲው የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል ባለሙያዎች ከጦርነቱ በኋላ በደሴና በአካባቢው ነዋሪዎች ላይ ያተኮሩ ጥናቶች አሳትመዋል። ራሳቸው ከጉዳቱ ሳያመልጡ የሌላውን ጉዳት መዝግበዋል። ይህ ውለታ ነው።

ምክር በተግባር

ለጦርነትና ለአደጋ ጊዜ የሚመከረው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ ሦስት ነገር ይዟል፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ሰውየውን በግድ አያናግሩትም። ውሃ፣ ብርድ ልብስ፣ የስልክ ካርድ፣ የዘመድ ወሬ ይቀድማሉ።

መደበኛው ምክር ግን ሌላ ነው። ክፍሉ ሁለት ወንበር ይበቃዋል። ባለሙያው ከሰላምታ በኋላ ስለ ምስጢር ይናገራል፤ ምስጢር የማይጠበቀው ሰውየው ራሱን ወይም ሌላን ሊጎዳ ሲል መሆኑንም አስቀድሞ ይነግረዋል። ከዚያ ብዙ ጊዜ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድባቴ መጠይቅ ይቀርባል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገሮች ደስታ ነስተውሃል? እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብስ? መሞት ይሻለኛል ብለህ ታውቃለህ? ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ነው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠለቅ ያለ ምርመራ ይደረጋል። መድኃኒት ከታዘዘም ቶሎ ለውጥ መጠበቅ አያስፈልግም። የድባቴ መድኃኒቶቹ ፍሉኦክሰቲንም ሆነ አሚትሪፕቲሊን ጥቅማቸው በደንብ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መተው በጣም የተለመደ ችግር ነው። የመሞት ሐሳብ ያለበት ሰው ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ከባዱ ምስጢር ነው። ደሴ ሰፊ ብትመስልም ፒያሳ ላይ ሁሉም ይተዋወቃል። ዛሬ ያማከረህ ባለሙያ ነገ የዕድገት ኮሚቴ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ስታፍ ላውንጅ ውስጥ አጠገብህ ማኪያቶ ሊጠጣ ይችላል። የሕመም ፈቃድ የሐኪም ወረቀት ይጠይቃል፤ ወረቀቱ ሳይካትሪ የሚል ቃል ስላለበት ብቻ ለሰው ሀብት ቢሮ ላለማስገባት ሕመሙን ችሎ የሚሠራ አለ። ስለዚህ ሁለት ከተማ መሆኑ ራሱ ጥቅም አለው። የደሴው ኮምቦልቻ ወርዶ፣ የኮምቦልቻው ደሴ ወጥቶ ቢታከም ከዓይን ይርቃል። የሚኒባስ ሒሳብ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ቅሬ፣ ዱዓ፣ ጸበል

ወሎ ሰውን በሐዘን ጊዜ ብቻውን አይተውም። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው ይቀብራሉ፤ አብረው ያስተዛዝናሉ። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲወርድ ሰው የሆዱን ይተነፍሳል። ዱበርቲዎች፣ ማለትም የሙስሊም ጸሎተኛ እናቶች፣ ዱዓ ያደርጋሉ። ጸበል የሚሄደውም ብዙ ነው። ጸበልና መድኃኒት ይጋጫሉ ወይ በሚለው ላይ ሐሳቡ ይለያያል፤ አብረው ቢሄዱ የሚከለክል ነገር ያለ ግን አይመስልም። መድኃኒት አስጥሎ ጸበል ብቻ መስጠት ግን ጉዳት ያመጣል፤ ይህ አያጠራጥርም።

ይህ መረብ የማይደርሰው ሰው አለ። ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ ወጣት መምህር ቤት ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። የሰፈሩ ቅሬ አባል አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ይከብደዋል። አንዳንዱ ከሰዓቱን በጫት ይገፋዋል። ጫቱ ለጊዜው ያነቃቃል፤ ማታ እንቅልፍ ይነሳል፤ በማግስቱ ድብርት ያመጣል። እንዲህ ያለው ሰው ተስፋ የሚጥለው ባልደረባው ላይ ነው፤ አንድ ሰው ቀርቦ «ጠፋህሳ፣ ምን ሆነህ ነው?» ቢለው ብዙ ይቀለዋል።

ከ2015 ወዲህ

ኅዳር 2015 መጨረሻ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደሞዝ ጉዳይ የሥራ ማቆም አድማ ጠርተው ነበር። የኑሮ ውድነቱ የአእምሮ ጤና ጉዳይም ነው። ኪራይ ያልከፈለን ሰው ተረጋጋ ማለት ዋጋ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሥራው ራሱ፣ ማለትም የሥራ ጫናውና የአለቃው አያያዝ፣ እንዲስተካከል ያሳስባል፤ ኃላፊዎችም የሠራተኛቸውን ጭንቀት ለይተው እንዲያውቁ መሠልጠን አለባቸው ይላል። በደሴም በኮምቦልቻም ከዲን እስከ ጥበቃ ሺፍት መሪ ድረስ ያለ ኃላፊ ይህን ሥልጠና ቢያገኝ ብዙ ሳይወጣ ብዙ ይተርፋል።

ከነሐሴ 2015 ጀምሮ አማራ ክልል እንደገና ግጭት ውስጥ ገባ። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። አዲስ አበባ ያለ ባለሙያን በቪዲዮ ማነጋገር በዚያ ጊዜ የሚታሰብ አልነበረም። የቀረው ተራ የስልክ ጥሪና በአካል የሚገኘው የአካባቢው ባለሙያ ነበር። በ2014 ያየው ገና ያልለቀቀው ሠራተኛ የመንገድ መዘጋትና የተኩስ ወሬ ሲሰማ የድሮው ይቀሰቀስበታል። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች የሚሠሩ አማካሪዎች የአንድ ጊዜ ጉዳትን ብቻ እያከሙ አይደለም፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ የተደረበበትን ሰው ነው የሚያዩት።