ዜሮ ቢደረድሩ ያልተቀዳ ድምፅ አይመጣም

ደሴ ውስጥ ድምፅ ስቀዳና ጀማሪዎችን ሳሠለጥን አንድ አባባል መስማት ሰልችቶኛል፦ «ቅጂው ቢያጥርም ግድ የለም፤ መጨረሻው ላይ ዜሮ ደርድረን ስፔክትረሙን (የትኛው ድግግሞሽ ምን ያህል እንደበረታ የሚያሳየውን ሥዕል) ብናወጣ ተቀራራቢ ድምፆች ይለያሉ።» አይለዩም!

ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪ ሁለት ክራሮች በባቲ ቅኝት አብረው የተመቱበትን ቅጂ ይዞ መጣ። ለየብቻ ስንለካቸው የአንዱ ክር 220 ኸርዝ፣ የአቻው 223 ኸርዝ ነበር። ተማሪው ከቅጂው የቆረጠው 4,096 ናሙና፣ ማለትም በተከታታይ የተወሰደ የድምፅ ልኬት፣ ነው፤ በሰከንድ 44,100 ናሙና ሲቀዳ ይህ 93 ሚሊሰከንድ ቢሆን ነው። የዚህ ርዝመት የመለየት አቅም 11 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች የተቀራረቡ ድምፆችን በደንብ አይለይም። እሱ ግን እስከ 65,536 ድረስ ዜሮ ሞላበት። በስፔክትረሙ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ወደ 0.67 ኸርዝ ሲወርድ ደስ አለው። ስክሪኑ ላይ የታየው ግን አንድ ጉብታ ነው፤ ለስላሳ፣ የሚያምር፣ አንድ ጉብታ።

እስቲ ጆሮ ይፍረድ። በ3 ኸርዝ የሚራራቁ ድምፆች አብረው ሲሰሙ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላሉ። አንዱ ዙር 333 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ በ93ቱ ውስጥ ሲሶው እንኳ አልተሰማም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ በመኪና መስኮት የሰርግ ከበሮ አንዴ ብቻ የሰማ ሰው፣ መንገዱ ላይ ባለችው ሐረጎ ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ ቢቀመጥ ምቱን ያውቀዋል? የተደረደረው ዜሮ ያ ዝምታ ነው።

«እንግዲያው ዜሮ መደርደር ከንቱ ነው» የሚሉም አሉ፤ እነሱም ተሳስተዋል። ድምፁ አንድ ብቻ ከሆነ የጉብታው ጫፍ በሁለት ነጥቦች መካከል የት እንዳረፈ በደንብ ያሳያል። ክራር ለሚቃኝ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«በሰከንድ 96,000 ናሙና ብንቀዳስ?» 4,096ቱን ሳይጨምሩ ከሆነ ይብሳል፤ የመለየት አቅሙ ወደ 23 ኸርዝ ይሰፋል።

«የናሙናው ቁጥር የግድ የሁለት ርቢ (2፣ 4፣ 8፣ 16…) መሆን አለበት።» የለበትም፤ ስሌቱን ያፈጥናል እንጂ።

ዜሮ መሙላት ካስፈለገ መጀመሪያ የሃን መስኮት (የቅጂውን ሁለት ጫፎች ቀስ አድርጎ ወደ ዜሮ የሚያወርድ ማባዣ) እውነተኛው ቅጂ ላይ ይባዛ፤ ዜሮው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ብዙዎች ገልብጠው ይሠሩትና ፕሮግራሙን ይወቅሳሉ። መስኮቱ ጉብታውን በእጥፍ ስለሚያሰፋው ደግሞ ረዘም አድርጎ መቅዳት ነው።

ተማሪው ሁለት ሰከንድ ቀድቶ ተመለሰ። ሁለቱ ጉብታዎች ያለ አንድ ዜሮ ቁልጭ ብለው ወጡ። አሁን የሚከራከረኝ ቅኝቱን የሳተው የትኛው ክራር ነው እያለ ነው።