ፒያሳና ካዛንቺስ ቤት ለመግዛት ላሰባችሁ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ገበያው ስለቀዘቀዘ «አሁን ነው ጊዜው» እየተባለ ነው። የዓመታት ቁጠባውን ይዞ መሃል ከተማ ቤት የሚያፈላልግ ሰው ብዙ ነው። ጊዜው ሊሆንም ይችላል። ግን ከደላላም ከዘመድም የምንሰማቸው አንዳንድ ወሬዎች ሰውን ባዶ እጁን ያስቀራሉ። እዚህ የማነሳቸው እነሱን ነው።

«አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ዋጋ አይወርድም»

የማይወርደው የሚጠራው ዋጋ ነው። ሻጮቻችን ከመቀነስ መጠበቅ ይመርጣሉ። ቤቱ ዓመት ሙሉ ገዢ ሳያገኝ ይቆያል፣ ዋጋው ግን ንቅንቅ አይልም። የሚሸጥበት ዋጋ ሌላ ነው።

ብሩንም አስቡት። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ በፊት በ5.7 ሚሊዮን ብር የተገዛ ቤት 100,000 ዶላር ያወጣ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ያው ቤት በ8 ሚሊዮን ቢሸጥ ባለቤቱ «አተረፍኩ» ይላል። በዶላር ሲመነዘር ግን 80,000 እንኳ አይሞላም።

«ኮሪደር ልማት የደረሰበት ሰፈር ከገዛህ ሀብታም ነህ»

ይሄኛው ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። መንገድ ሲሰፋ፣ የእግረኛ መንገዱ ሲያምር፣ መብራት ሲተከል የአካባቢው ዋጋ ይጨምራል፤ ልክ ነው። ጭማሪው የሚደርሰው ግን ቆሞ ለሚቀረው ቤት ነው። በ2016 ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። በ2017 ካዛንቺስ ተከተለ። እዚያ ተወልደው ያረጁ ሰዎች ዕቃቸውን ጭነው ወደ ከተማው ዳር ሄዱ።

ሕጉ ምን ይላል? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የምንገዛው ቤቱን ነው፤ በመሬቱ ላይ ያለን የይዞታ መብት ብቻ ነው። ቦታው ለልማት ሲፈለግ በአዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ካሳ የሚሰላው ለንብረቱ ነው። ቤቱን ዛሬ ለመተካት የሚያስፈልገው ወጪ ይታሰባል። ምትክ ቦታ ወይም ቤትም አለ። ፒያሳ ስለሆነ ብላችሁ ለሻጩ የጨመራችሁት ገንዘብ ግን በካሳው ውስጥ የለም።

እስቲ እናስላው። 120 ካሬ ላይ ያረፈ አሮጌ የጭቃ ቤት በ15 ሚሊዮን ብር ገዛችሁ እንበል። ጭቃው፣ እንጨቱና ቆርቆሮው ስንት ያወጣል? የቀረው ሁሉ የቦታ ዋጋ ነው። ቡልዶዘሩ ሲመጣ የሚጠፋባችሁም እሱ ነው። ስለዚህ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ወደ ክፍለ ከተማው ሂዱ። ቦታው በፕላኑ ለምን እንደተመደበ ጠይቁ። ለመንገድ ነው? ለአረንጓዴ? ለቅይጥ ግንባታ? ደላላው «እዚህ አይደርስም» ቢላችሁ አትመኑት፤ እሱ ኮሚሽኑን የሚቀበለው በሽያጩ ቀን ነው።

«ካርታ ካለ ምን ቸገረኝ»

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት ዘመዴን ይዤ አራት ኪሎ አካባቢ ቤት ለማየት ሄድኩ። በረንዳው እንጨት ነው፤ የተረገጠ ቁጥር ሲጥ ይላል። ሻጩ ካርታውን ከፌስታል አወጣ። ስሙን ስናነብ የሟች አባቱ ነው። ወራሾቹ ስድስት፣ አንዷ ዋሽንግተን። «እሷ ችግር የለባትም» አለን። ውክልና ግን አልላከችም። ሻይ ጠጥተን፣ አመስግነን ወጣን።

ካርታው እውነተኛ ሆኖም ቤቱ የፍርድ ቤት እግድ ወይም የባንክ ዕዳ ሊኖርበት ይችላል። የሊዝ ውዝፍም ይኖር ይሆናል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ የግድ ነው። ውሉም ሰነዶች ማረጋገጫ ካልተፈረመ ነገ ያጨቃጭቃል። የቀበሌ ቤት «እንሽጥልህ» የሚላችሁ ካለ ደግሞ ጥላችሁ ሂዱ። የመንግሥት ቤት ነው፤ ተከራይ የሚሸጠው ነገር የለውም።

«ኪራዩ ራሱ ዕዳውን ይከፍለዋል»

12 ሚሊዮን ብር የተገዛ አፓርታማ በወር 50,000 ብር ቢከራይ በዓመት 600,000 ነው። 5 በመቶ ማለት ነው፤ ያውም ግብርና ጥገና ሳይቀነስ። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነው። የብድር ወለዱማ ብዙ ጊዜ ከዚያ እጥፍ ያልፋል። በ2016 በወጣው የኪራይ አዋጅ ደግሞ ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው፤ ጭማሪም እንዳሻችሁ አይደረግም።

«ገበያ ሲቀዘቅዝ ገና ያልተሠራ ቤት መግዛት ያዋጣል»

ቅናሹ ያጓጓል፤ ይገባኛል። ግን ብዙ ግንባታ የሚቆመው በገዢዎች ቅድመ ክፍያ ነው። ገዢ ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። ብረቱና ሊፍቱ ደግሞ በዶላር ነው የሚመጣው።

አንድ የማውቀው ሰው ስምንተኛ ፎቅ ላይ የተዋዋለው ቤት አለው። ሕንፃው አምስተኛው ላይ ቆሟል። አናቱ ላይ የወጡት ፌሮዎች ዝገው ቀልተዋል፤ የዝናቡ ውሃ ዝገቱን ይዞ ግድግዳው ላይ ወርዷል። እሱ ሲዋዋል ያየው ቢሮ ውስጥ ያለውን ሞዴል ብቻ ነበር። እናንተ ሳይቱ ድረስ ሂዱ፤ በሥራ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ሳታስታውቁ። በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ ሰላም በሉትና ዛሬ ስንት ሠራተኛ እንደገባ ጠይቁት።