ልብ ወለድ ስንመርጥ የሚያሳስቱን አመለካከቶች እና እውነታው

«ምን ላንብብ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል። ከጥያቄው ተከትሎ የሚመጣው ዝርዝር ግን ብዙ ጊዜ ያሳዝነኛል፦ «የፍቅር ታሪክ እንዳይሆን፤ ወንጀል ነክም አልወድም፤ የሳይንስ ነገር ደግሞ አይገባኝም።» አንድም መጽሐፍ ሳይገለጥ ሦስት በር ተዘጋ። ጠያቂው ከየዘውጉ አንዳንድ መጽሐፍ ሞክሮ ቢሆን ምርጫውን አከብርለታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን በሩን የዘጋው በስማ በለው ነው።

ወደ አመለካከቶቹ ከመግባቴ በፊት ዘውግ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይ። አንድ ሰው አመሻሽ ላይ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ወንበር ባዶ ሆኖ አገኘው እንበል። ይህን ያነበብነው ወንጀል ነክ ልብ ወለድ ውስጥ ከሆነ ዓይናችን ወዲያው ወለሉን ይቃኛል፤ የወደቀ ነገር አለ? መስኮቱ ተከፍቷል? በፍቅር ልብ ወለድ ውስጥ ከሆነ ባልና ሚስቱ ትናንት ማታ የተባባሉትን ማስታወስ እንጀምራለን። አስፈሪ ታሪክ ከሆነ ሰውየው እጁን ወንበሩ ላይ ሲያሳርፍ ገና ሙቀት እንዳለው ሲነግረን ይዘገንነናል። በታሪካዊ ልብ ወለድ ውስጥ የምንጠይቀው ዘመኑን ነው፤ ጦርነት ላይ ነን? ማን ነው ከየቤቱ ሰው የሚወስደው? ወንበሩ ያው ወንበር ነው፤ የተለወጠው የኛ ጥያቄ ነው። ዘውግ ማለት ደራሲው ገና ከመነሻው የሚገባልን ቃል ነው፤ ምን እየጠየቅን እንድንከተለው ይነግረናል። ቃሉን ምን ያህል አሳምሮ እንደሚፈጽመው ግን ከዘውጉ ስም ላይ አይነበብም። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመነጩት እነዚህን ሁለት ነገሮች ከማምታታት ነው።

«ቁም ነገር የሚፈልግ አንባቢ የወንጀልና የመናፍስት ታሪክ አያነብም»

አንድ ታሪክ በአጭሩ ልንገራችሁ። ትምህርቱን ያቋረጠ ችግረኛ ወጣት አንዲት አራጣ አበዳሪ አሮጊት በመጥረቢያ ይገድላል፤ እህቷ ድንገት ስትደርስበት እሷንም ይደግማታል። መርማሪው በእጁ የጨበጠው ማስረጃ የለውም፤ የሰው ጠባይ ግን ያውቃል። እያጫወተ፣ እያሳሳቀ፣ ለቀቅ አድርጎ እንደገና ያዝ እያደረገ ወጣቱን መፈናፈኛ ያሳጣዋል። የጀርባ ሽፋኑ ላይ ይህ ብቻ ቢጻፍ መጽሐፉን ከወንጀል ነኮቹ ጋር እንደረድረው ነበር። የዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» ነው። በ1866 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአንድ የሩሲያ ወርኃዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ ስለወጣ፣ ደራሲው የሰውን ነፍስ ሲመረምር አንባቢውንም ለሚቀጥለው እትም ማስጓጓት ነበረበት። የወጣቱ ኅሊና እንዲህ አፍኖ የሚይዘን መርማሪው በር ላይ ስለቆመ ጭምር ነው። ልብ አንጠልጣይነቱንና ጥልቀቱን ለመለየት የሞከረ ሰው ሁለቱንም ያጣቸዋል።

ቶኒ ሞሪሰን በ1987 ያሳተመችው «ቢላቭድ» ደግሞ የመናፍስት ታሪክ ነው። አንዲት እናት ልጇ ወደ ባርነት ከምትመለስ ብላ በገዛ እጇ ገድላታለች፤ የሕፃኗ መንፈስ ቤቱን ሲያውክ ይኖራል። መጽሐፉ በማግስቱ ዓመት ፑሊትዘር የተባለውን ታዋቂ የአሜሪካ ሽልማት አገኘ። መንፈሱን ከታሪኩ ብናወጣው ያለፈ ግፍ ትረካ ይቀረን ነበር። ግፉ አልፎ እንዳላለፈ፣ ደረጃው ላይ እየተራመደ እንዳለ እንዲሰማን ያደረገው መንፈሱ ነው።

ስለዚህ ስትመርጡ የትኛው ጥያቄ እንደሚይዛችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። «ማን አደረገው?» ግድ የማይሰጣችሁ፣ «ያደረገው ሰው ከራሱ ጋር እንዴት ይኖራል?» የሚለው ግን እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ፣ ጥፋተኛው ከመጀመሪያው የሚታወቅባቸው ወንጀል ነክ ልብ ወለዶች የተጻፉት ለናንተ ነው።

«ገዳዩ ከታወቀ መጽሐፉ አበቃለት»

ኤድጋር አለን ፖ በ1841 ዘመናዊውን የመርማሪ ታሪክ ሲጀምር አንባቢውን ያስደነቀው የመርማሪው አስተሳሰብ አካሄድ ነበር። እንግሊዛዊው ኦስቲን ፍሪማን በ1912 ባሳተመው መድበል ደግሞ ነገሩን ገለበጠው፦ በመጀመሪያው ክፍል ወንጀሉ ሲፈጸም በዓይናችን እናያለን፤ በሁለተኛው ክፍል መርማሪው እንዴት እንደሚደርስበት እንከተላለን። «ማን» ሲወጣ «እንዴት» ገባ፤ ታሪኩም አልላላም። ወንጀል ነክ መጽሐፍ ስትመርጡ መሃል አካባቢ ከፍታችሁ አንድ ምርመራ ፈልጉና አንብቡ። ተጠርጣሪው ሲመልስ የራሱ አነጋገር፣ የራሱ ፍርሃት አለው? ወይስ ሁሉም ሰው መረጃ ለማቀበል ብቻ ነው አፉን የሚከፍተው? ሁለት ገጽ ይበቃል።

«የፍቅር ልብ ወለድ መጨረሻው ስለሚታወቅ ሁሉም አንድ ነው»

ይህን እኔም ለዓመታት አምኜበት ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ነው፤ የታተመው በ1813። 61 ምዕራፍ አለው። አንድ ሀብታም ሰው የታሪኩን ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ያላገባች ወጣት ሴት፣ ለጋብቻ የሚጠይቃት በ34ኛው ምዕራፍ ነው፤ ማለትም ገና መጽሐፉ ከግማሽ እንዳለፈ። ጥያቄውም ውርደት ያዘለ ነው፤ እንደሚወዳት እየነገራት የቤተሰቧን ዝቅተኝነት ይቆጥርባታል። እምቢ ትለዋለች። በማግስቱ ደብዳቤ ይሰጣታል። ከዚያ ኦስተን የምታደርገው ነገር ዛሬም ይገርመኛል፦ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ማለት ይቻላል ሴትየዋ ያንን ደብዳቤ ስታነብ ነው የምናየው። መጀመሪያ በጥላቻ ታነበዋለች፤ አታምነውም። ታጥፈዋለች። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ መልሳ ትዘረጋዋለች። እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር እየመዘነች ስትደግመው፣ ሰው አዋቂ ነኝ ትል የነበረችው ሴት እስከዚያች ሰዓት ድረስ ራሷን እንኳ እንደማታውቅ ይገለጥላታል። መጨረሻው ሠርግ መሆኑን ማወቃችን ከዚህ ምን ይቀንሳል? እንዲያውም ስለ መጨረሻው ስለማንጨነቅ እዚህ ደብዳቤ ላይ ረጋ ብለን መቆየት ቻልን።

የፍቅር ልብ ወለድ የሚለያየው በእንቅፋቱ ነው። ሁለቱ ሰዎች ለአምስት ደቂቃ ተቀምጠው ቢነጋገሩ የሚፈታ አለመግባባት 300 ገጽ የሚጎተት ከሆነ መጽሐፉን ብትተዉት አልፈርድባችሁም። እንቅፋቱ ከጠባያቸው፣ ከኩራታቸው፣ ከኑሯቸው የበቀለ ከሆነ ግን ያዙት።

«ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሳይንስ ለሚያውቁ፣ የወደፊቱንም ለመተንበይ የተጻፈ ነው»

ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይንን» መጻፍ ስትጀምር 18 ዓመቷ ነበር። ጊዜው 1816 ነው። ከዓመት በፊት በኢንዶኔዥያ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ስለነበር አመዱ የብዙ አገሮችን የአየር ጠባይ አዛብቷል፤ ሼሊ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር የከረመችበት በጋ ብርዳምና ዝናባማ ሆነ። ቤት የተዘጋባቸው ወዳጆቿ እያንዳንዳቸው አንድ የመናፍስት ታሪክ እንዲጽፉ ተባባሉ። ከዚያ ጨዋታ የወጣው፣ አንድ ወጣት ተማሪ በድን አካል ገጣጥሞ ሕይወት ስለዘራበት ፍጡር የሚተርከው መጽሐፍ በ1818 ታተመ። ስለ ፍጡሩ አሠራር የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው፤ ወጣቱ ተማሪ ምስጢሩን ለማንም አልናገርም ይላል። መጽሐፉ የሚያተኩረው የፈጠረውን ገና ዓይኑን ሲገልጥ ጥሎ በሸሸ ፈጣሪ ላይ ነው። (ብዙ ሰው እንደሚያስበው ፍራንከንስታይን የፍጡሩ ስም አይደለም፤ የተማሪው ስም ነው። ፍጡሩ ስም እንኳ አልተሰጠውም፤ ይህ ደግሞ የበደሉ አንድ አካል ነው።) ሰው ጥሎት የሚያውቅ፣ ወይም ሰው ጥሎ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ፊዚክስ አያስፈልገውም።

ትንበያን በተመለከተ ጆርጅ ኦርዌል «1984»ን ያሳተመው በ1949 ነው። የጻፈውም ያኔ በዙሪያው ያየውን ውሸትና ክትትል ጫፍ ድረስ ገፍቶ ነው። «ትንቢቱ ደረሰ ወይስ አልደረሰም?» እያልን ብንመዝነው መጽሐፉ ያልገባውን ቃል እንጠይቀዋለን። ለዚህ ዘውግ አዲስ ከሆናችሁ አንድ ነገር ብቻ የተለወጠበትን ዓለም ምረጡ። ስምና ካርታ የበዛበት ሰፊ ዓለም ለኋላ ይደርሳል።

«ፋንታሲ (በገሃዱ ዓለም የማይሆን ነገር የሚሆንበት ልብ ወለድ) የልጆች ነው፤ ከእውነት መሸሻም ነው»

ኦክታቪያ በትለር በ1979 ባሳተመችው «ኪንድረድ» ውስጥ በ1976 የምትኖር ጥቁር አሜሪካዊት ምንም ማብራሪያ ሳይሰጠን ወደ ባርነት ዘመን ትወሰዳለች፤ የገዛ ቅድመ አያቷ ከሆነው ባሪያ አሳዳሪ ጋር ትገናኛለች። ዘሯ እንዲቀጥል ሰውየውን ከሞት ማዳን አለባት። ደራሲዋ ሳይንስ የለበትም ብላ ፋንታሲ ነው ያለችው። ከዚህ መጽሐፍ ውስጥ ወዴት ነው የሚሸሸው?

«ታሪካዊ ልብ ወለድ ካነበብኩ ታሪኩን አውቄዋለሁ»

ይህ ስህተት ከሌሎቹ የሚለየው መጽሐፉን ከመናቅ ሳይሆን ከልክ በላይ ከማመን ስለሚመጣ ነው። ሩሲያዊው ቶልስቶይ ናፖሊዮን ሩሲያን የወረረበትን የ1812ን ጦርነት ሲተርክ ካየው ሰው ይልቅ ያየ ይመስላል፤ የተወለደው ግን በ1828፣ ከጦርነቱ 16 ዓመት በኋላ ነው። «ጦርነትና ሰላም»ን የጻፈው በ1860ዎቹ ሲሆን፣ በእውን የነበሩ ጄኔራሎችን ከፈጠራቸው ቤተሰቦች ጋር አንድ አዳራሽ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ስለ ናፖሊዮንም የራሱን ፍርድ ይዞ ይሟገታል። ታሪካዊ ልብ ወለድ አንድን ዘመን ከውስጥ እንዴት ይሰማ እንደነበር በግምት ያቀምሰናል፤ የሆነውን ከታሪክ መጽሐፍ ማመሳከር የአንባቢው ፈንታ ነው። ስትመርጡ መጨረሻው ላይ የደራሲው ማስታወሻ እንዳለ ተመልከቱ። የትኛውን እንደፈጠረ፣ የትኛውን እንዳሸጋሸገ በግልጽ የሚናገር ደራሲ እምነት ይጣልበታል።

«ሽልማት ያገኘ ወይም በብዛት የተሸጠ ከሆነ አያሳፍርም»

የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ከ1901 ጀምሮ ሲሰጥ ቶልስቶይ በሕይወት ነበር፤ በ1910 እስኪሞት ግን አልተሰጠውም። የሄርማን ሜልቪል «ሞቢ ዲክ» በ1851 ወጥቶ ደራሲው በሕይወት ሳለ የተሸጠው ጥቂት ሺህ ቅጂ ነው። ሽልማት የጥቂት ዳኞችን የአንድ ወቅት ስምምነት ያሳያል፤ የሽያጭ ዝርዝር ደግሞ ሰሞኑን ብዙ ሰው ምን እንደገዛ። ሁለቱም ለጥቆማ ይጠቅማሉ። እኔ ግን ጠባዬን የሚያውቅ፣ ያልወደደውንም ለምን እንዳልወደደ የሚነግረኝን አንድ አንባቢ አስበልጣለሁ።

«አጭር ልብ ወለድ የረጅሙ መለማመጃ ነው»

አርጀንቲናዊውን ደራሲ ቦርኼስን አንድም ረጅም ልብ ወለድ ሳይጽፍ ነው ዓለም ያወቀው። ካናዳዊቷ አሊስ መንሮ በ2013 ኖቤል ያገኘችው በአጫጭር ልብ ወለዶቿ ነው። እንዲያውም የማታውቁትን ዘውግ ለመቅመስ ከተለያዩ ደራሲዎች የተሰበሰበ መድበል የመሰለ የለም፤ በአንድ ቁጭታ ሁለት ሦስት ድምፅ ትሰማላችሁ፤ የጣማችሁን ይዛችሁ ወደ ረጅሙ ትሄዳላችሁ።

«ትርጉም ከሆነ ዋናው ጣዕም ጠፍቷል»

የሚጠፋ ነገር አለ፤ አልክድም። ነገር ግን ትርጉምን ሁሉ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ተርጓሚን ይበድላል። የተርጓሚው ስም ተጽፏል? የተተረጎመው ከመጀመሪያው ቋንቋ ነው ወይስ ከመሃል ቋንቋ? ሁለት ትርጉም ካለው የሁለቱን የመጀመሪያ ገጽ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ንግግሩን ብቻ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ሰው ሲናገር የሚመስለውን ጆሮ ወዲያው ይለየዋል።

«የጀመርኩትን መጨረስ አለብኝ»

አንባቢን ከአዲስ ዘውግ የሚያርቀው ይህ ይመስለኛል። እስከ መጨረሻው ገጽ ታስሬ እቀራለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው አይሞክርም፤ የለመደውን ይደጋግማል። በሲያትል ለብዙ ዓመታት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበረችው ናንሲ ፐርል ለዚህ አንድ ሕግ አላት፦ ለመጽሐፉ 50 ገጽ ስጡት፤ ዕድሜያችሁ ከ50 ካለፈ ከ100 ላይ ዕድሜያችሁን ቀንሳችሁ የቀረውን ያህል ገጽ ስጡት። የ80 ዓመት አንባቢ 20 ገጽ አንብቦ መተው ይችላል ማለት ነው፤ ጊዜው ውድ ነውና።

እኔ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። ስትተዉት የተዋችሁበትን ገጽና ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ መሃሉ ላይ አኑሩት። አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ሁለት ጊዜ ትቼዋለሁ፤ አንዴ ገጽ 31 ላይ፣ አንዴ ገጽ 74 ላይ። አባትና ልጅ ሳይነጋገሩ ዓመታት የሚኖሩበት ታሪክ ነው፤ ያኔ ምንም የማይሆንበት መስሎኝ ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ አነሳሁትና በአራት ሌሊት ጨረስኩት። ሁለቱ ወረቀቶች አሁንም በየገጻቸው ላይ አሉ።