ስለ ሃሪኬን ትንበያ የምንሳሳታቸው ነገሮች እና እውነታው

ፍሎሪዳ ላይ ሃሪኬን (ከባህር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) እየመጣ ነው በተባለ ቁጥር የሐበሻ ቴሌግራም ግሩፕ ሁሉ በዛች ኮን በምትመስል ካርታ ይሞላል፣ ከስሯ ደሞ "ተመስገን መስመሩ እኛን ስቶናል" ምናምን ይጻፋል። ካርታዋን የሚያወጣው ማያሚ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል ነው፣ ጎበዞች ናቸው፣ ችግሩ ያለው እኛ አነባበብ ላይ ነው።

"የሚመታው መስመሩ የሚያልፍበትን ቦታ ነው"

መስመሩ እኮ የሃሪኬኑ ዓይን፣ ማለትም መሃሉ፣ በዚህ ያልፋል ተብሎ የተገመተበት ብቻ ነው፣ ዙሪያው ያለው ኮን ደሞ ዓይኑ ከመስመሩ ወጣ ቢል ሊያልፍበት የሚችለውን ቦታ ያሳያል። የ2022ቱን ሃሪኬን ኢያንን እንይ፣ ሊገባ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው መስመሩ ወደ ታምፓና ከዛ በላይ ስለነበር ወሬው ሁሉ ታምፓ ታምፓ ሆነ፣ ፎርት ማየርስ ያለችበት ሊ ካውንቲም ግን ጠርዝ ላይ ትሁን እንጂ ኮኑ ውስጥ ነበረች። ካውንቲው ውጡ ብሎ ያዘዘው ሴፕቴምበር 27 ጠዋት ነው፣ በማግስቱ ዓይኑ ካዮ ኮስታ የምትባል ደሴት ላይ ገባ፣ ነፋሱ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ፎርት ማየርስ ቢች ላይ ባህሩ ከመሬት ከ3 እስከ 4 ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ቤቶቹን ጠራርጎ ወሰደ። ታምፓ ላይ ደሞ ተቃራኒው ሆነ፣ የባህረ ሰላጤው ውሃ ሸሽቶ ሰው ወለሉ ላይ ወርዶ ሲራመድ ነበር። ምክንያቱም እዚህ የምድር ክፍል ሃሪኬን የሚሽከረከረው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ስለሆነ በሚሄድበት አቅጣጫ በቀኙ በኩል ያለው ነፋስ ባህሩን ወደ የብስ ይገፋል፣ በግራው ያለው ደሞ ከዳር ያርቀዋል፣ ታምፓ በግራ ቀረች በቃ።

"ኮኑ የሚሰፋው ሃሪኬኑ እየተለቀ ስለሚሄድ ነው"

የሚሰፋው የግምቱ ስህተት ነው። ስፋቱን የሚያወጡት ባለፉት 5 ዓመታት ትንበያቸው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሳተ ለክተው ነው፣ ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ ለሚነሳ የአትላንቲክ ሃሪኬን ሁሉ፣ ትንሽም ሆነ ትልቅ፣ የኮኑ ልክ ያው ነው። ዓይኑ ራሱ ከ3 ጊዜ አንዴ ያህል ከኮኑ ይወጣል፣ ዝናቡና ጎርፉማ ኮን አያውቅም።

"የአውሮፓው ሞዴል ካለ አለቀ"

ሞዴል ማለት የአየሩን ሁኔታ በኮምፒውተር አስልቶ የሚተነብይ ፕሮግራም ነው። የአውሮፓው ስም ያወጣው በ2012 ሃሪኬን ሳንዲ ወደ አሜሪካ እንደሚታጠፍ ከአሜሪካው ሞዴል ቀድሞ ስላየ ነው፣ ሁሌ ግን አይደለም። የየሞዴሉን ትንበያ በአንድ ካርታ ላይ ከሚያሳዩት፣ እንደ ስፓጌቲ ከተዘበራረቁት መስመሮች ውስጥ ደሞ አንዳንዶቹ የድሮ ሃሪኬኖችን አካሄድና የአሁኑን ጉዞ ብቻ አይተው የሚያሰሉ ናቸው፣ የዛሬውን አየር አያዩም።

"ካቴጎሪው ከወረደ ተረፍን"

ይሄኛው ነው የሚያናድደኝ። ካቴጎሪ፣ ያ ከ1 እስከ 5 የሚሰጠው ደረጃ፣ የሚለካው ነፋስ ብቻ ነው፣ ውሃ አይለካም። ሂውስተን ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሃርቪ በ2017 የገባው ሮክፖርት አካባቢ ነው፣ ከሂውስተን በጣም ይርቃል፣ በማግስቱም ተዳክሞ ትሮፒካል ስቶርም (ነፋሱ ከሃሪኬን ያነሰ) ሆነ፣ ግን ቴክሳስ ላይ ቀናት ሙሉ አልነቃነቅ ብሎ ኔደርላንድ የምትባል ከተማ ላይ ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ አፈሰሰ፣ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ይበልጣል። በ2024 ሄሊን ደሞ ባህር አጠገቧ የሌላትን ተራራማዋን የኖርዝ ካሮላይና ከተማ አሽቪልን ነው በጎርፍ ያጠፋት። ስለዚህ ካቴጎሪውን ትታችሁ ቤታችሁ የትኛው የመልቀቂያ ዞን ውስጥ እንዳለ ከካውንቲያችሁ እዩ።

"ገና ከአፍሪካ ሲነሳ የት እንደሚያርፍ ይታወቃል"

ብዙዎቹ የአትላንቲክ ሃሪኬኖች የሚወለዱት ከአፍሪካ ከሚነሱ የአየር ሞገዶች መሆኑ እውነት ነው፣ መነሻቸው እስከ ሱዳንና እስከኛ ከፍታ ቦታዎች ድረስ የሚቆጠርም አሉ። ግን በዓመት 60 ገደማ ሞገድ ይወጣል፣ አብዛኛው ባህሩ ላይ ከስሞ ይቀራል። ከ10 ቀን በፊት "ማያሚ አለቀላት" የሚል ፖስት ካያችሁ እለፉት።

"የት እንደሚገባ ካወቁ ጉልበቱንም ያውቃሉ"

መንገዱን መገመት ባለፉት አስርት ዓመታት በጣም ተሻሽሏል፣ ጉልበቱ ነው አስቸጋሪው። ኦክቶበር 2023 ኦቲስ ሜክሲኮ ያለችው አካፑልኮ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ትሮፒካል ስቶርም ነበር፣ ውስጡ የገባችው የቅኝት አውሮፕላን ከሳተላይቱ ግምት እጅግ የበረታ ነፋስ ለክታ ተመለሰች፣ በዛው ሌሊት ካቴጎሪ 5 ሆኖ ገባ፣ ሰዉ ለመሸሽ የቀረው ሰዓታት ብቻ ነበር።